ጣሪያ ላይ የሚታይ ሠርግ

ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ስም አለው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ለሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልድገመው» ነው። ቤት ቀብቶ ጨርሷል ተብሎ ዕቃ መግባት ሲጀምር መሰላሉን መልሶ ይዘረጋና «አንዴ ልድገመው» ይላል። «ኧረ ጋሼ፣ አለቀ እኮ!» ሲሉት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ብሩሹን ይነክራል። እኔም ሳሎኔን አስቀብቼ በገዛ በሬ ላይ እንደ እንግዳ ቆሜ የሰነበትኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እሱ ባወራ ሐሜት አይባልብኝም።

ሚስቱ አከርካሪዋን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የምታየው ጣሪያ ብቻ ሆነ። በጀርባዋ ካልሆነ መተኛት አትችልም፤ ቀና ብላ ቴሌቪዥን ማየትማ የማይታሰብ ነው። አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ ስትዳር ሁለቱም ቀሩ፤ እሷ ስለማትችል፣ እሱ ትቷት ስለማይሄድ። ልጅቷ የሠርጉን ቪዲዮ ላከች። አባት ስልኩን ከሚስቱ ፊት በላይ ዘርግቶ ያዘላት። እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝጋው። የልጄን ሠርግ በቁልፍ ቀዳዳ አላይም።»

ፕሮጀክተር ፍለጋ የወጣው ያኔ ነው። እኔም ተከተልኩት፤ ብቻውን ከሄደ ሱቁን ቀብቶ ይመለሳል ብዬ። ሻጯ መጀመሪያ ትልቁን አበራችለት። ብርሃኑ ደስ ይላል፤ ማራገቢያው ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። «ይሄ በሽተኛ ያለበት ቤት አይገባም» አለ። ሁለተኛው ዝምተኛ ነው፤ ግን ወደ ግድግዳ እንጂ ወደ ላይ አያበራም። ሦስተኛዋ የቀለም ጣሳ የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ፣ አንገቷ ወደ ላይ የሚታጠፍ ናት። ጋሽ ልድገመው ኮቱን አወለቀና ሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተዘረጋ።

«ጋሼ! ምን ሆኑብኝ?» ሻጯ ደነገጠች።

«ምንም አልሆንኩ። መብራቱን አጥፊና ጣሪያው ላይ አብሪልኝ፤ ተመልካቿ እንዲህ ሆና ነው የምታየው።»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን ምስሉ እስኪጠራለት ድረስ አልተነሳም። በመጨረሻ ኮቱን እያራገፈ «ይቺን» አለ።

ቤት ስንደርስ መጋረጃውን ዘግተን፣ ማሽኗን አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ምስሉ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ጠበበ፤ አንገቷን ቀጥ ስናደርገው ተስተካከለ። የምስል ማጥሪያዋን ስነካካ ልጅቷ በነጭ ቀሚስ ጣሪያውን ሞልታ ብቅ አለች።

«ውይ!» አለች እናት።

ምን ያደርጋል፣ ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የተወው እድፍ ልክ የልጅቷ ጉንጭ ላይ አረፈ። በርጩማውን ገፋ ባደርገው እድፉ ለቀቃትና ስንጥቁ አንገቷ ላይ ዋለ። ጋሽ ልድገመው ማሽኗን አጠፋት።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«ልጄ ፊቷ ላይ እድፍ ይዛ አትዳርም። ልቀባው።»

«አንተ ሰው፣ ይታየኛል እኮ! ተወው፣ እንዲሁ ልያት።»

«እስከዛሬ ታግሰሽ የለ? ትንሽ ጨምሪልኝ።»

የቀለም ሽታ ለትንፋሿ ስለማይስማማ እህቷ ቤት ወሰድናት። እሱ ፋቀ፣ ስንጥቁን ደፈነ፣ ቀባ። ሲደርቅ የሮለሩ መስመር ታየው፤ ደገመው። በማለዳ ብርሃን ሲያየው ደግሞ ሌላ እንከን አገኘ። ሚስቱ በየዕለቱ ትደውላለች።

«ደረቀ?»

«ነገ።»

«እኔ እኮ የናፈቀችኝ ልጄ ናት፤ ጣሪያው አይደለም።»

«ነገ አልኩሽ እኮ፤ አንድ እጅ ቀለም ብቻ ነው የቀረኝ።»

በማግስቱ መሰላሉ ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። እኔ ከታች ቀለም አማስላለሁ። ሮለሩ ከእጁ አምልጦ ራሴ ላይ ወደቀ። ልቆጣው ቀና ስል ፊቱን አየሁት። የሚስቱ እህት ነበረች የደወለችው። ሚስቱ የሌላ ሰው ጣሪያ እያየች አረፈች። ቸኩሎ ላፈሰሰ ሰው ተረት አለው፤ ሳይቸኩል ለፈሰሰበት ግን ምን ይባላል?

ልጅቷ ለለቅሶ መጣች። ለቀስተኛው ሲቀልል መኝታ ቤት ገብታ ማሽኗን አየች።

«አባዬ፣ በዚህ ነው ያሳየሃት? እስቲ አብራልኝ።»

መጋረጃውን ዘጋ። አባትና ልጅ አልጋው ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጣሪያው ወተት ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ሙሽራዋ ወጣች፣ ሳቀች፣ ወደ ካሜራው ቀረብ ብላ «እማዬ፣ ታይኛለሽ?» አለች።

አልጋው ላይ ያለችው ወደ አባቷ ዞረች።

«እዚህ ጋ ስትደርስ ምን አለች?»

ጋሽ ልድገመው ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አልነቀለም።

«እዚህ አልደረሰችም፣ ልጄ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር።»