አባቴን ያሳቀው ካርቱን

ዛሬ ምሳ ላይ የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ካርቱን እኮ የልጅ ነገር ነው» ቢለኝ ማንኪያዬን አስቀምጬ ተከራከርኩት። (በዚህ ዕድሜዬ!)

በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። እሁድ ከስብሰባ በፊት ይከፈትልናል።

አባቴ ሀዲይኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይሆንለትም። በአማርኛ ቀልድ ሰው ሲስቅ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወንድሜ ከዘመተ ወዲህማ ቤትም ስቆ አያውቅም።

አንድ እሁድ ካርቱን መጣ። አንዲት አህያ ጭነት አልሸከምም አለች። ጌታዋ ቢገፋ፣ ቢጎትት አልሆነለትም፤ ቢቸግረው ጭነቱንም እሷንም ተሸክሞ ገበያ ወጣ። ካርቱኑ አንድም ቃል የለውም። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

የቀበሌው ሊቀመንበር «በቃ፣ ስብሰባ እንጀምር» ብሎ ሊያጠፋው ሲነሳ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው አባቴ ብድግ አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ተወው። ይጨርስ!»

እኔ በፍርሃት እጁን ያዝኩት። ሊቀመንበሩ ትንሽ አየውና ተመልሶ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አብረን አየነው።

አቋሜ አይለወጥም፤ ቋንቋ የማይጠይቅ ካርቱን ከኮሜዲ ሁሉ ይበልጣል።

እናንተስ ቤት፣ መሳቅ የተወን ሰው ያሳቀው የትኛው ፕሮግራም ነበር?