ጭራ ቆራጣዋ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል። ራዲዮስ ባትሪ ይጨርሳል፤ የእሷ ምላስ ግን ከመርፌዋ ጋር ውሎ ከመርፌዋ ጋር ያመሻል።

ልጇ ወልዳ ከሆስፒታል ልትወጣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ለሕፃኑ ካሰናዳችው ትንሽ ክፍል ኮርኒስ ላይ አንድ ነገር ይቧጥጥ ጀመር። ይቧጥጥና ዝም ይላል፤ ሄደ ስትል ደግሞ ይቀጥላል። ልክ ከሕፃኑ አልጋ በላይ ቢጫ እድፍ ወርዷል።

አውሬ አስወጪ ማንን ልጥራ ብላ ብትጠይቅ፣ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ባለነጭ መኪናውን አሞገሰ።

«እኔ ቤት በግማሽ ቀን ነው ያወጣት» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «በሽቦ ሣጥን አድርጎ አሳየኝ። ሽለምጥማጥ ናት፤ ጭራዋ ቆራጣ፣ ዓይኗ ክፉ። ቁርጥ አማቴን።»

ጡረተኛው መምህርም መሰከሩ። «ፈጣን ሰው ነው። የእኔዋ ጭራ እንኳ ስንዝር አይሞላም ነበር።»

ልብስ ሰፊ ልኬት አይረሳም። ሁለት ቤት፣ አንድ ጭራ። ሁለቱም «መቼ ታወጣታለህ?» ብለዋል እንጂ «ወዴት ትወስዳታለህ?» ያለ የለም።

በማግስቱ ሰውየው ሳትጠራው መጣ። መሰላል አልጠየቀም።

«ከትንሹ ክፍል በላይ ናት፣ እናቴ። ሕፃኑ የሚተኛው እዚያ አይደል?»

ስለ ሕፃኑ ለማንም አልነገረችም፤ ከሰፈሩ ሰው በቀር።

«ይዘህ የት ነው የምትለቃት?»

«ሩቅ።»

«ሩቅ የሚባለው የት ነው?»

ፈገግ አለ። «ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ ልጄ፤ በደህና ሂድ።»

«እንደ ወደዱ» አለ፣ ዓይኑን ከጣሪያዋ ሳይነቅል። «አራስ የሚገባበት ቤት ግን ባይዘገይ ይሻላል።»

ሌላ አስወጪ ጠራች፤ ጥያቄ ስለሚያበዛ ሰፈሩ «ኤሊው» የሚለውን። እሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆየና እሷንም ጠራት። በዚህ ዕድሜዋ መሰላል ወጣች። ከቆርቆሮው ጥግ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ።

«ይሄ ጥርስ ነው?» አለችው።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

የተቀደደንና የተቆረጠን ስትለይ የኖረች ሴት ናት። «በመቁረጫ የተቆረጠ ነው» አለች።

ኤሊው ሁለት ቀን ፈጅቶ ሽለምጥማጧን ያዛት። ቀዳዳውን ደፈነ፤ ልብስ ሰፊዋንም ይዞ ወንዝ ማዶ ካለው ጫካ ሄደና ዓይኗ እያየ ለቀቃት። ጭራ ቆራጣዋ አንዴ ዞራ አየቻቸውና ጫካው ዋጣት።

ልብስ ሰፊዋ ያየችውን ሁሉ፣ ባለነጭ መኪናው ጣሪያ እየቆረጠ ያችኑ ሽለምጥማጥ እንደሚያስገባ፣ ለሰፈሩ ዘረገፈችው።

«ራዲዮ ዛሬ ደግሞ አዲስ ድራማ ጀመረች» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ መምህሩ ሳይቀሩ ሳቁ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራ ኖራ፣ አንዴ እንኳ እመኑኝ ስትል የሚያምናት ጠፋ።

ሕፃኑ ገብቶ ከጸጥተኛው ኮርኒስ ሥር ተኛ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ነጯ መኪና መንገዱ ጥግ ላይ ቆማለች። ሰውየው ጣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያየ ይመርጣል። ከመኪናው ኋላ የሽቦ ሣጥን አለ፤ ውስጡ የሆነ ነገር ይላወሳል።

የዚህኛው ጭራ ሙሉ ነው።