የቺቻ ቤት ዝንቦች

ኔሊዳ ቶሪኮ የዘረመልን ትምህርት ስትመዘገብ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። የፋኩልቲው ሕግ አጭርና ግልጽ ነው፤ በአንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። የመጀመሪያውን የወደቀችው ታይፎይድ ይዟት የሴሚስተሩን እኩሌታ ተኝታ ስላሳለፈች ነው። ሁለተኛውን ግን የወደቀችው በዶክተር ፋውስቲኖ ሪቤራ ምክንያት ነው፤ እሷን ከጠየቋት።

ዶክተር ሪቤራ ክፍል ሲገቡ ሰላም አይሉም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ ወረቀት ከቦርሳቸው ያወጣሉ፣ ያስጽፋሉ። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ያስጽፋሉ። ጥያቄ ያነሳ ተማሪ "መጽሐፉ ላይ አለ" ይባላል። የትኛው መጽሐፍ ብሎ የደገመውን ደግሞ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ንባባቸውን ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲጨልም፣ ማንበብ ስላልቻሉ ብቻ ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። ተማሪውም ዝም ብሎ ጠበቀ። መብራቱ ሲመጣ ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ።

ይሁንና ኔሊዳ ትምህርቱን ትወደው ነበር፤ ንዴቷን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። ጨርሶ ባይገባት ኖሮ ትታው ትሄድ ነበር። በተለይ የዝንቦቹን ሙከራ ትወዳለች። ሙከራው የውጤቱን ግማሽ ስለሚይዝ፣ እሱን የጣለ ተማሪ የጽሑፉን ፈተና ቢያፍሰው እንኳ አያልፍም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው፣ ያምራልና። የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውን ሚጢጢ ዝንብ የማያውቅ የለም። የበቆሎ ዱቄት፣ ጥቁር ስኳርና እርሾ አብሮ ይቀቀልና ጠርሙስ ውስጥ ይፈስሳል፤ ለዝንቦቹ ምግብም አልጋም ነው። ዝንቦቹ ከገቡ በኋላ የጠርሙሱ አፍ በጥጥ ይወተፋል። እንቁላሉ ትል ይሆናል፣ ትሉ ዝንብ ሆኖ ይወጣል፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። አሁን አንዱን ባለ ሙሉ ክንፍ ዝንብ ከባለ ቆራጣ ክንፍ ጋር አዳቅሉት። ልጆቹ በሙሉ ክንፋቸው ሙሉ ይሆናል። ቆራጣነቱ የጠፋ ይመስላል፣ ግን አልጠፋም፤ ተደብቋል። ልጆቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ፣ ከልጅ ልጆቹ መካከል በየሦስቱ ባለ ሙሉ ክንፍ አንድ ባለ ቆራጣ ክንፍ ብቅ ይላል። ኔሊዳ ይህ ነገር ፍንትው ብሎ የታያት አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ነበር፤ ብቻዋን ስትስቅ ሰው ዞሮ አያት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ልጆቹ እንቁላላቸውን ጥለው ሲያበቁ፣ የልጅ ልጆቹ ሳይፈለፈሉ ከጠርሙሱ መውጣት አለባቸው። አለዚያ ወላጅና ልጅ ተቀላቅሎ፣ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ልጆቹን የማውጫው ቀን ሲደርስ አድማ ተመታ።

የግቢው በር በሰንሰለት ተቆለፈ። ጎማ ተቃጠለ፣ ከበሮ ተመታ። በሩን የያዘው ፔርሲ የሚባል የኔሊዳ የክፍል ልጅ ነው፤ በአንገቱ ፊሽካ አንጠልጥሏል።

"ጓድ ኔሊዳ! ለትግሉ መጣሽ?"

"ለዝንቦቼ ነው የመጣሁት። አስገባኝ ፔርሲ።"

"ዝንቦቹም አድማ ላይ ናቸው።"

"እነሱ አድማ አያውቁም፤ ይፈለፈላሉ። ካልገባሁ ወላጁና ልጁ ይቀላቀልብኛል። ሦስተኛዬ ነው እኮ!"

ፔርሲ ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ አሰበ። "እሺ፣ ግቢ። ግን ስትወጪ ከኛ ጋር አንድ መፈክር ትያለሽ።"

ጠርሙሷን በሹራቧ ጠቅልላ ወጣች፤ መፈክሩንም ጮኸች። የላብራቶሪ ጓደኛዋ ዊልመር ግን የራሱን ለማምጣት አልለፋም። "ዝንብ የትም አለ" አለና ኳስ ሊጫወት ሄደ።

እዚህ ላይ የኔሊዳን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። እናቷ ዶኛ ኢግናሲያ ቺቻ ትጠምቃለች፤ የበቆሎ ጠላ በሉት። የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ ቺቻው ደርሷል ማለት ነው፤ ሰውም ይገባል። ግቢው ውስጥ ጋኖቹ ተደርድረው ይተነፍሳሉ። ሽታው ከባንዲራው ቀድሞ ሰው ይጠራል።

ዶኛ ኢግናሲያ ጠርሙሱን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ዝንብ ከቤቴ ላባርር ዕድሜዬን ስፈጅ፣ አንቺ ከዩኒቨርሲቲ ጭነሽልኝ መጣሽ?"

"እማዬ፣ እነዚህ የተማሩ ናቸው።"

"ታዲያ ካንቺ ቀድመው ይመረቁ ይሆናል።"

ጥጉ ላይ የተቀመጡት አዛውንቱ ደንበኛ ዶን ክሪሶሎጎ ቅላቸውን ብድግ አደረጉ። "ዶኛ ኢግናሲያ፣ እንግዳ ነው እኮ! ለነሱም ይቅዱላቸው እንጂ።"

ላብራቶሪ ውስጥ ዝንብ የሚደነዝዘው በኤተር ነው፤ ቤት ኤተር የለም። ኔሊዳ ግን ብርድም እንደሚያደነዝዛቸው ታውቃለች። ጠርሙሱን ለስላሳ መጠጥ የሚቀመጥበት ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት አቆየችው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥጡን አወጣች፣ የደነዘዙትን ዝንቦች ነጭ ሳህን ላይ አራገፈች። ጠርሙሱ ውስጥ ትሎቹ ብቻ ቀሩ። ላብራቶሪ ውስጥ እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አልወጣላትም።

"ኔሊ! ሰው ቆሟል!" እናቷ ተጣራች።

ቅል ሞልታ ለአንዱ ሰጠች፣ ለሌላው ሰጠች፣ ጠረጴዛ ጠረገች። ስትመለስ ጠርሙሱ አፉን እንደከፈተ ነው። ወደ ውስጥ አየች፤ ጥቂት ዝንቦች ግድግዳው ላይ ይሄዳሉ። ሳይራገፉ የቀሩ መሰሏት። ቢቀሩስ? ያው የዚያው ቤተሰብ ናቸው፣ የሚወልዱትም በዚያው ሕግ ነው፤ ቁጥሩን ብዙም አያዛቡትም። አስባ ነው የተወችው። ጥጡን ወተፈችው።

አድማው የተፈታው የልጅ ልጆቹ መፈልፈል በጀመሩበት ሰሞን ነው። ኔሊዳ ላብራቶሪ ውስጥ መቁጠር ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕልም ይመስሉ ነበር፤ በየሦስቱ አንድ፣ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ። ከዚያ ቆራጣዎቹ ነጠፉ። ሙሉ ክንፍ፣ ሙሉ ክንፍ፣ ሙሉ ክንፍ። ተደምሮ ሲታይ ለአንድ ቆራጣ ዘጠኝ ባለ ሙሉ ክንፍ ሆነ።

"ምን ላይ ነው የምታፈጥጪው?" አለ ዊልመር። የእሱ ጠርሙስ አድማው ላይ ሻግቶ አልቋል። "ዶክተሩ የሚፈልጉት ሦስት ለአንድ ነው። ሦስት ለአንድ ስጫቸው።"

"አንተ ምን ቆጥረህ ነው የጻፍከው?"

"ሻጋታ አይቆጠር! በሦስት አባዝቼ ጻፍኩ።"

"ዊልመር!"

"ክፍሉ በሙሉ እንደዚያ ነው ያደረገው፣ እናቴ። ሦስተኛሽ ነው። ጀግና መሆን ከፈለግሽ በሚቀጥለው ትምህርት ትሆኛለሽ።"

አንድ ሌሊት ሙሉ ተገላብጣ አደረች። ጠዋት የጻፈችው ያየችውን ነው። ለምን እንዳደረገችው ለራሷም በደንብ አላብራራችውም። ምናልባት ቆራጣዎቹ የጠፉበትን ምክንያት ለማወቅ ከመጓጓቷ የተነሳ፣ ቁጥሩን ብትቀይረው ጥያቄውም አብሮ የሚጠፋባት መስሏት ይሆናል።

ዶክተር ሪቤራ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው ያነበቡት።

"ዘጠኝ ለአንድ።"

"አዎ ዶክተር፣ ግን መጀመሪያ ላይ ሦስት ለአንድ ነበር፤ ቀናቱን ለያይቼ..."

"ሕጉ ዘጠኝ ለአንድ አይልም።"

"ከውጭ የገባ ነገር ያለ ይመስለኛል። ኋላ የወጡት የሌላ እናት ልጆች ናቸው ብዬ..."

"ቁጥሩ ያልሰመረለት ሁሉ ታሪክ ይዞልኝ ይመጣል።" መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። "ዜሮ። የሚቀጥለው!"

የሚቀጥለው ዊልመር ነበር። ሰማንያ አገኘ።

ኔሊዳ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም፤ የመጣላት ንዴት ነው። ሳይሰሟት መቅረታቸው ሳይሆን፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገሯን እንኳ ሳያስጨርሷት መቅረታቸው ነው ያንገበገባት። ታሪክ ነው ያሉት? እሺ። ታሪክ ያልሆነ ነገር ታመጣላቸዋለች።

ውጤት ተዘግቶ ለፋኩልቲው እስኪተላለፍ ጊዜ ነበራት፤ ጥብቅ ያለ ቢሆንም ይበቃል። ያሰበችው ነገር ከቀላልነቱ የተነሳ ያስቃል። ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ወሰደች፤ ቀቅላ አጠበቻቸው። በሁለቱም ትኩስ ምግብ አፈሰሰች። ዝንብ አላስገባችም፤ አንድም። የአንደኛውን አፍ እዚያው ወተፈችው፣ ዳግመኛም አልነካችው። ሁለተኛውን ግን ያው ጠረጴዛ ላይ፣ ያው ጋኖች አጠገብ ከፍታ አስቀመጠችው፤ የእናቷን ደንበኞች አስተናገደች፣ ተመለሰች፣ ወተፈችው።

ልብ በሉ፣ ብልሃቱ ያለው ባልተከፈተው ጠርሙስ ላይ ነው። ከሁለቱም ዝንብ ቢወጣ ችግሩ ምግቡ ነው። ከሁለቱም ባይወጣ ኔሊዳ ተሳስታለች። ከተከፈተው ብቻ ከወጣ ግን በሩ የት እንደነበረ ታወቀ።

"አሁን ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ታሳድጊያለሽ?" አለች እናቷ።

"አዎ።"

"ይብላኝላቸው ለሚያስተምሩሽ።"

ከቀናት በኋላ የተከፈተው ጠርሙስ ውስጥ ትሎች ተርመሰመሱ፤ ከዚያም ዝንቦቹ ወጡ፣ ክንፋቸው በሙሉ ሙሉ ነበር። ባልተከፈተው ውስጥ ግን ምግቡ እንደተጋገረ ቀረ። የዋህ የዋህ የሚመስለው የቺቻው ሽታ የሰፈሩን ዝንብ ሁሉ ይጠራ ነበር፤ ክፍት ጠርሙስ ሲያገኙ ገብተው ወለዱ። ኔሊዳ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። ዶን ክሪሶሎጎ ደንግጠው ቅላቸውን ደፉ።

የዶክተር ሪቤራ ቢሮ ጠባብ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ፊታቸው አስቀመጠች፤ ቁጭ በይ አላሏትም።

"በሁለቱም ምንም አላስገባሁም። ይህን ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ ይህን አልከፈትኩትም። ሌላ ልዩነት የላቸውም።"

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን በደንብ አየች፤ ቡናማ ነው። ዝንብ ያለበትን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አዙረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"የት ነው የተከፈተው?"

"ቤታችን። እናቴ ቺቻ ትጠምቃለች።"

"ጋኖቹ አጠገብ?"

"አዎ ዶክተር።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳቅ ይመስል ነበር፣ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። የውጤቱን ወረቀት ስበው ዜሮውን ሰረዙ፣ ሌላ ቁጥር ጻፉ፣ ከፈተናው ጋር ደመሩት። "ሃምሳ አንድ። አልፈሻል።"

ሃምሳ አንድ የማለፊያው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ በታች መውደቅ ነው። ኔሊዳ መውጣት ነበረባት። አልወጣችም።

"ይቅርታ ዶክተር፣ ለምን ሃምሳ አንድ?"

"ጠርሙሱን ከፍተሽ የተውሽው አንቺ ነሽ።"

"ሌሎቹ እኮ..." ምላሷን ነከሰች። የዊልመርን ስም መጥራት አልፈለገችም።

"የሌሎቹ ሁሉ ሦስት ለአንድ ነው፣ አንዲት ዝንብ ሳትጎድል ሳትተርፍ። ይህ የማይገርመኝ መሰለሽ?"

"ታዲያ ለምን ማርክ ሰጧቸው?"

"ማስረጃ የለኝም።" ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። "የአንቺን ስህተት ግን አንቺው በማስረጃ አመጣሽልኝ።"

በጣም የሚያናድደው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

"ጠርሙሶቹን መደርደሪያው ላይ ተዪልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች አሳያቸዋለሁ።"

ኔሊዳ ሁለቱንም ብድግ አድርጋ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻቸው። "በሃምሳ አንድ ማርክ ላይ ጠርሙስ አይመረቅም፣ ዶክተር" አለችና ወጣች።

ዊልመር ግቢው ውስጥ ኳሱን በጉልበቱ እያነጠረ ጠበቃት። "እህስ?"

"አለፍኩ።"

"ስንት?"

"ሃምሳ አንድ።"

"ይሄን ሁሉ ለፍተሽ!" ሳቁን ለመያዝ ሞከረ፣ አቃተው። ከዚያ ግን ጠርሙሱን አየ፤ ኔሊዳ ነገሩን ባጭሩ ስትነግረው ጎንበስ ብሎ ዝንቦቹን ተመለከተ። "ምንም ሳታስገቢ ነው እንዴ እንዲህ የወጡት? ወይ ጉድ! ... ኔሊ፣ የሚቀጥለውን ሴሚስተር የዝግመተ ለውጥ አስተማሪ አይተሻል?"

"እንዳትነግረኝ።"

"እሳቸው ናቸው።"

ኔሊዳ ጥጡን ነቅላ ወረወረችበት።