የጓሮው አሸንዳ

ሬንጅ ሲቀልጥ የሚሸተው ሽታ አንዴ አፍንጫዬ ከገባ ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም። ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች በበርሜል ሬንጅ ሲያፈሉ ባጠገባቸው ሳልፍ፣ ታክሲ ለመያዝ እየተጣደፍኩ የነበርኩት ሴትዮ ቀጥ ብዬ ቆሜ ቀረሁ፤ ልደታ የነበረው የልጅነት ቤታችንና አሮጌ ጣሳ ውስጥ ሬንጅ የሚያቀልጠው አባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል መሰለኝ። እኔን ያሳፍረኛል።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የቀበሌ ቤት ለማደስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃዱ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይገኝም ነበርና አባዬ ቤቱ መታደስ እስኪያስፈልገው ድረስ ፈጽሞ አይጠብቅም ነበር። «እኛ አናድስም፣ እንጠጋግናለን» ይል ነበር። የግንቦት ልደታ ንፍሮ በተበላ ማግስት መሰላሉ ይወጣል፤ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ከሥራ ሲመለስ ከረባቱን ፈትቶ፣ ቱታውን ለብሶ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ በየሚስማሩ ቀዳዳ ሬንጅ ያስነካል፣ ጌጃ ሰፈር ካለ ጋራዥ ለምኖ ባመጣው የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላቸው ቋሚዎቹን ይቀባል፣ ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ እያደረገ ጆሮውን ይደግናል፤ ድምፁ ባዶ ባዶ ካለው ጭቃ በጭድ አቡክቶ እዚያችው ጋ ይመርጋል። እማዬ «ይኼ ሰውዬ ከኔ ይልቅ ከግድግዳው ጋር ያወራል» እያለች ትስቅበት ነበር።

የኔ ሥራ አሸንዳው ነበር። ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀላሏ እኔ ስለነበርኩ ቆርቆሮው እኔን ይችለኛል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የጎረቤታችን ጥድ ያራገፈውን ቅጠል ከአሸንዳው እየዛቅኩ እጥል ነበር። የጓሮው በኩል ከጎረቤት አጥር ጋር ስለተጣበቀ መሰላል አይቆምበትም፣ ከጣሪያው ላይ ካልሆነ አይታይም፤ ስለዚህ እዚያ ያለውን ነገር አባዬ የሚያውቀው እኔ የነገርኩትን ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ጓደኞቼ በራችን ላይ ሱዚ ዘርግተው «ነይ እንጂ! ተራሽ አለፈ!» እያሉ ይጮሁብኛል። አባዬ ከታች ቆሞ የሚያየውን የፊት ለፊቱን አሸንዳ አሳምሬ ጠረግኩ። ወደ ጓሮው ተሻግሬ ሳይ ቅጠሉ በስብሶ፣ ጭቃ መስሎ፣ ትል ይርመሰመስበታል። ቀፈፈኝ። ጥቂት ተቀምጬ፣ የሠራሁ እንዲመስል እጄን አቆሽሼ ወረድኩ። አዎ፣ እጄን አቆሽሼ!

«የጓሮውንስ?» አለኝ።

«እስከ ጥጉ ድረስ ጠርጌዋለሁ አባዬ» አልኩት፣ ያውም ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

«የኔ ጎበዝ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ፤ እኔም ሱዚዬን ልዘል ሮጥኩ።

ሰኔ ሲገባ በጓሮ በኩል ያለው የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መርጠብ ጀመረ። አባዬ ግራ ገባው፤ ሬንጁን ይደጋግማል፣ እንደገና ያንኳኳል፣ «ከየት ነው የሚገባው?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። እኔ ከየት እንደሚገባ አውቅ ነበር። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ግን ነገሩ በቆየ ቁጥር አፌ ይበልጥ እየተሳሰረ ሄደ። ዝናቡ ሳይጠና ተደብቄ ወጥቼ ልጠርገውም እችል ነበር፤ እሱንም አላደረግኩም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አባርቶ ሳለ የጓዳው ግድግዳ ዘጭ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው፤ የእማዬ በርበሬና ዱቄት ግን ከጭቃው ጋር ተለወሰ። አሁን መጠጋገን የሚባል ነገር አበቃ፤ ፈቃድ ግድ ሆነ። ከቀበሌ ሊመረምር የመጣው ሰው እየዞረ አይቶ፣ ወረቀቱ ላይ «በነዋሪው ቸልተኝነት የወደቀ» ብሎ ጻፈና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለው። ዕድሜውን በወረቀት መሃል ያሳለፈው አባቴ፣ የተጻፈ ነገር እንደማይፋቅ ከሁሉም ሰው አብልጦ የሚያውቀው አባቴ፣ ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመ። «ልክ ነው፣ ሳላየው ያለፍኩት ነገር አለ፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ» አለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

ፈቃዱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ክረምቱን በላስቲክ ጋርደን ከረምን፤ እማዬ ብርዱ ደረቷ ገብቶ ስትስል አባዬ በሳለች ቁጥር ይሸማቀቅ ነበር። በሚቀጥለው ግንቦት አባዬ መሰላሉን ያወጣል ብለን ብንጠብቅ ሳያወጣው ቀረ። «ለሚያውቅ ሰው እንክፈል» አለ፣ ከዚያ ወዲህም ግድግዳ ሲያንኳኳ አይቼው አላውቅም።

ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ቆየን፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ያን ሬንጅ የሸተተኝ ዕለት ማታ እራት በልተን ስናበቃ የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የወጣውን እርጥበት ባሳየው፣ «ለሚያውቅ ሰው አሳይው፤ የኔ ዓይን አይታመንም» አለኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ያኔ የጓሮውን አሸንዳ አልጠረግኩትም። ዋሽቼህ ነው። ግድግዳው የወደቀው በኔ ነው» አልኩት፣ እንባዬ እየቀደመኝ።

መነጽሩን አውልቆ አየኝና ሳቀ። «አንቺ? አንቺማ ጠርገሻል። ታች ቆሜ በዓይኔ አይቼሻለሁ።»

«ያየኸው የፊቱን ነው እኮ።»

«ተይ እስቲ! እኔን ለማጽናናት ብለሽ ራስሽ ላይ አትዋሺ» አለኝና እጄን ቸብ ቸብ አደረገው።

ያኔ ውሸቴን አንዴ ብቻ ብናገረው አመነኝ፤ አሁን እውነቱን ደጋግሜ ብነግረው አላምን አለኝ።