ከስቴንስሉ የቀረው ሠንጠረዥ

አገርነሽ ቢያዝን የባሕር ዳር ታይፒስት ነበረች። በ1978 ዓ.ም. ክረምት ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነበር፤ ሥራ ከያዘች ደግሞ አሥራ አራት ዓመት። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰው ከሰው በማይሰማማበት ክፍል ውስጥ ከጽሕፈት መኪናዋ ጋር ትውላለች። የአማርኛ መኪና ትዕግሥት ይፈትናል፤ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መምታት አለ። ስቴንስል በሚሉት የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ ሲሆን ደግሞ የአንድ ጣት ስሕተት በሺህ ወረቀት ላይ ይታያል። እሷ ግን እምብዛም አትሳሳትም። በየደብዳቤው ግርጌ «አ.ቢ.» የምትል ደቃቅ ምልክት ነበረች፤ የአገርነሽ ስም ከዚያች አልፎ ወረቀት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

በዚያው ቤት ሀብተ ሥላሴ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዓሣ አጥኚ ነበር። ሦስት ክረምት ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ሐይቁን ትቶ ሽቅብ ወደ ወንዞቹ እንደሚወጣ አገሬው ያውቃል። በየትኛው ጅረት፣ በየትኛው ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን እንደሚጥል ግን ተከትሎ ያየ አልነበረም፤ ሀብተ ሥላሴ አየ። አንድ ሌላ ነገርም መረመረ። ሰዎች የብርብራ ፍሬ አድርቀው፣ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። ስንት ብርብራ ስንቱን እንደሚገድል እሱ በሚዛን ለካው። ትንሽ እንደሚበቃ ሲያይ ደነገጠና ሕዝቡን ላስጠንቅቅ ብሎ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፈ። መጠኑን በሠንጠረዥ፣ ጅረቶቹን በስም፣ ጊዜውን በሳምንት አስቀመጠ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው ሁለት ሺህ ቅጂ ለየገበሬ ማኅበሩ እንዲደርስ በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶ ነበርና ሥራው አጣዳፊ ሆነ።

«አገርነሽ፣ ወንዛዬ ልትሄጂ ነው አሉ» አላት ሀብተ ሥላሴ፣ ስቴንስሉን መታ በጨረሰች ቀን።

«እናቴ ጉልበቷን አሟት ፍል ውኃው ዘንድ ነው የከረመች። ልጠይቃት ነው።»

«እንግዲያ አንድ ቅጂ ይዘሽ ለአገሩ ሰው አስነብቢልኝ። ቃሉ ከከበዳቸው ሳይባዛ ላርመው።»

ሐሙሲት ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጭቃውን በእግሯ ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ፍል ውኃው አጠገብ ካለው ዳስ ሥር ሲሰበሰብ፣ አገርነሽ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳረፉና ጀመሩ። «ብር… ብ… ራ። ብርብራ!» አገርነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ፊደል መትታለች፤ ፊደል በእናቷ አፍ ነፍስ ሲዘራ ግን ገና ያን ቀን ማየቷ ነበር። ትናንት ወረቀት ሲሰጧቸው ዘቅዝቀው ይይዙ የነበሩ ሴት፣ ዛሬ የአንድን ምሁር የሦስት ዓመት ልፋት ለመንደሩ ያሰማሉ።

ሠንጠረዡ ጋ ሲደርሱ አቶ አገኘሁ ተነሣ። የስድስት ልጆች አባት፣ ሰው የማይጎዳ ገበሬ ነው።

«ቆይ እስቲ እትዬ፣ ያቺን የልኳን ነገር ይድገሙልን።»

ደገሙለት። እሱም እጁን ጨብጦ አየው፤ ለካው።

«ይህችን ታህላለች? እኛ በግምት አንድ ስልቻ ሙሉ ስናባክን ኖረናልሳ! ዐዋቂ ማለት እንዲህ ነው፤ ልኩን አበጅቶ ሰጠን።»

«ጅረቱንም በስሙ ጠርቶታል» አለ ሌላው። «ከዋናው ወንዝ ጋር ምን አታገለን?»

ወለተ ሩፋኤል በኩራት ልጃቸውን አዩ። «የመታችው የኔ ልጅ ናት! እጅሽ ይባረክ!»

አንድም የቀለደ አልነበረም። ሁሉም ከልቡ አመሰገነ። በዚያ ሁሉ እንፋሎት መሐል አገርነሽን ብርድ ብርድ አላት።

«ኧረ አታድርጉ ነው የሚለው!» አለች።

«የቱ ላይ?» አሉ እናቷ ወረቀቱን እያገላበጡ። እውነትም «አታድርጉ» የሚለው ከሠንጠረዡ በታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር።

በማግስቱ ጧት እናትና ልጅ ጉማራ ወንዝ ወረዱ። ውኃው ቀልቷል፤ ያጓራል። ድንጋዩ ላይ ሳሳ ብሎ በሚወርድበት ስፍራ ላይ ግን ወንዙ ራሱ ሽቅብ የሚሄድ መሰለ። ዓሣዎቹ ነበሩ። ጀርባቸው ከውኃው በላይ ብር መስሎ ያበራል፤ አንዱ ሲጣል ሌላው ይተካል፤ የወደቀው ተመልሶ ይነሣል። አገርነሽ እዚህ ወንዝ ዳር ነው ያደገች፤ ነጭ ዓሣን ግን ከቅርጫት ውስጥ በቀር አስተውላ አታውቅም። አሁን በገዛ ጣቷ የመታችው ቃል ትዝ አላት፤ አንዷ እናት በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል እንደያዘች፣ ከሰፊው ሐይቅ ተነሥታ የተወለደችበትን ያህል ጥርት ያለ ጠጠር ፍለጋ ስንት ቀን እንደምትታገል። እንባዋ መጣ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ።

ነገረቻቸው። ወለተ ሩፋኤል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ለካ ምጥ ይዟት ነው የምትወጣው! ይህን ማን ነገረን? ምጥ ላይ ያለችን ጠላት እንኳ አይነካትም።»

ባሕር ዳር እንደተመለሰች ሀብተ ሥላሴ ክፍል ገባች። «ቃሉ ከበዳቸው?» አላት።

«አልከበዳቸውም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።» የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሦስት ክረምት ውኃ ውስጥ የቆምኩት መሳቢያ ውስጥ ልቆልፈው ነው? ሰው ሳያውቅ እንዴት ይጠብቃል?»

«ይቆለፍ አላልሁም፤ ይነገራቸው። እኛ ግን ለመግደያ የሚሆነውን ከፊት አስቀምጠን፣ ለመጠበቂያ የሚሆነውን ግርጌ ላይ ጣልነው። እኔም መትቼዋለሁ፤ እጄ አለበት።»

ሀብተ ሥላሴ ወረቀቱን ወሰደና እንደ ገና አነበበው፤ በዚህ ጊዜ ግን በአገኘሁ ዓይን ነበር። ከዚያ ቀይ እርሳስ አንሥቶ ሠንጠረዡን ሰረዘ። ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን ሠንጠረዥ ነበር። ቀጥሎ የጅረቶቹን ስም ሰረዘ። አገርነሽ ቆማ ታየዋለች። ሰው ወንዝ ውስጥ ቆሞ፣ በወባ እየወደቀ ያገኘውን በገዛ እጁ ሲያስቀር አይታ አታውቅም ነበር።

ጓድ አንዳርጋቸው ግን ተቆጣ። «ሳይንስ ከሰፊው ሕዝብ ይደበቃል እንዴ? ነገ አሻጥር ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለዋ ቃል ሰውን ከቤቱ ታስወጣ ነበር።

«አይደበቅም፣ ጓድ» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ለምን እንደሚወጣ፣ ቢያልቅ በስንት ዓመት እንደሚተካ፣ ሁሉም ይነገረዋል። መጠኑ ግን የሚጠብቀውን ሰው አንዳች አይረዳውም፤ ገዳዩን ነው የሚረዳው። የጅረቶቹን ስም ጥበቃ ለሚመድቡት በእጄ እሰጣለሁ። ከዋናው ጥናትም ሠንጠረዡ ወጥቶ፣ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ምክንያቱን ጽፎ ለሚጠይቅ ይሰጥ።»

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። «እንግዲያ በብርብራ የሞተ ዓሣ የበላ ይሞታል በልበት። ይፈራሉ።»

«ሲበሉት ነው የኖሩት። አንዲት ውሸት ካገኙብን እውነቱንም አያምኑንም።»

«በጽሑፍ አምጣልኝ! ኃላፊነቱን አንተ ውሰድ!»

ደብዳቤውን አገርነሽ መታችው። ሀብተ ሥላሴ ሲፈርም እሷም ብዕሩን ጠየቀች።

«አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አላት ጓድ አንዳርጋቸው፤ ከልቡ ገርሞት ነበር።

«ሐሳቡ የኔ ነው፣ ጓድ» አለችና ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

አዲሱን ገጽ ሁለቱ አብረው ጻፉት። የመጀመሪያውን መስመር እሷ አመጣችው፤ «ነጭ ዓሣ በክረምት ወንዝ የምትወጣው ምጥ ይዟት ነው።»

«ይህ የሳይንስ ቃል አይደለም» አለ ሀብተ ሥላሴ እየሳቀ።

«ሐሰት ነው?»

አሰበ። «አይደለም» አለ። የዕንቁላሉን ብዛትና ግልገሏ ለመውለድ የምትደርስበትን ዓመት እሱ ጨመረበት።

ወረቀቱ ነሐሴ ሲገባ ወጣ። ሁሉም ቦታ አልሰመረም። በሌላ ወንዝ ላይ መስከረም ላይ ብርብራ እንደ ወትሮው ተበተነ፤ ሀብተ ሥላሴ ሄዶ የሞተውን ቆጠረ። የወንዛዬ ገበሬ ማኅበር ግን ተሰብስቦ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በጉማራ ላይ ጠባቂ አቆመ። ሁለቱ የፈረሙበት ደብዳቤ ምንም ሳያስከትል ከፋይሉ ውስጥ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሀብተ ሥላሴ ወደ ደቡብ ሐይቆች ሲዛወር ሠንጠረዡ ታሽጎ የተቀመጠበትን መሳቢያ ቁልፍ የተረከበችው ታይፒስቷ ናት። ሠንጠረዡን የሚጠይቅ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «ለምን ጉዳይ እንደሚፈልጉት ይግለጹልን» ብላ ትመልስ ነበር፤ አንዳንዱ ይገልጻል፣ አንዳንዱ ድምፁ ይጠፋል።

ወረቀቱ በወጣበት ዓመት፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አገርነሽ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አገኘሁ መንገድ ላይ ጠበቃት። ከጠባቂዎቹ አንዱ እሱ ነበር።

«ነይ ላሳይሽ» አላት።

ቁጥቋጦውን እየገለጠ ስሙ ከማይነገር፣ ከመጀመሪያው ወረቀት ላይም ካልነበረ ጅረት ዳር አደረሳት። ማንም አልነገረውም፤ «የት ነው የምትወልደው?» እያለ ዓሣዋን ተከትሎ በራሱ አገኘው።

«ያቺን የልኳን ነገር ረሳኋት ብልሽ ውሸት ነው» አለ ውኃውን እያየ። «እትዬ ካነበቧት ወዲህ እዚህ ናት» ብሎ ግንባሩን ነካ። «ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

አገርነሽ ጎንበስ አለች። ውኃው ጠርቷል፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መጀመሪያ ምንም አላየችም። ከዚያ ጠጠሩ ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰላት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ገላቸው እንደ ውኃው የጠራ ግልገሎች፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው፣ ሁሉም አፋቸውን ወደ ፈሳሹ አዙረው ባሉበት ይዋኛሉ። ጥላዋ ሲያርፍባቸው በአንድ ጊዜ ተበተኑ፤ ፈቀቅ ስትል ተመልሰው ገጠሙ። አገኘሁ ቆቡን አውልቆ ነበር። አገርነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ በቀዝቃዛው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ሁለቱም ግልገሎቹን እያዩ ፀሐይ እስኪከር ድረስ ቆሙ።