የሺሺንዳው ሠርግና ሁለቱ ሌንሶች

ኃይለሚካኤል በቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ከጎኑ ልብስ እሰፋለሁ። በመካከላችን ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ እኔ የእሱን ደንበኞች ጨዋታ፣ እሱ የእኔን የስፌት መኪና ጩኸት እየሰማን ኖረናል። የዚህን ሰው ሥራ አውቃለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ምረቃ ያነሳል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሠርግ ሰው ነው። ከዋጫ እስከ ቢታ ገነት እሱ ያነሳው ፎቶ ያልተሰቀለበት ሳሎን ጥቂት ነው። ለሰው ፊት የሚጠቀምበት አንድ ሌንስ ነበረው፤ ባለሙያዎቹ ‹ፊፍቲ› ይሉታል። የማያቀርብ፣ የማያርቅ ሌንስ ነው፤ መቅረብ የፈለገ ሰው በእግሩ ይሄዳል። የእሱ የድሮው ዓይነት ነበር፤ ብረት ነው፣ ከላዩ ርቀትን በሜትር የሚያሳይ ቁጥር አለው፣ ቀለበቱ በጣት ሲዞር ቅቤ የተቀባ ያህል ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ምስሉን የሚያጠራው ካሜራው አይደለም። አንሺው ራሱ በዓይኑ እያየ በጣቱ ያጠራዋል።

ነገሩ የጀመረው ሺሺንዳ ላይ ነው። የእትዬ ብርቄ ትልቋ ልጅ ፍሬ ስታገባ ያነሳው ኃይለሚካኤል ነበር። ሙሽራዋ ዝቅ ብላ የአባቷን የጋሽ አምባውን ጉልበት ስትስም የተነሳው ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ጉትቻዋ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ የሚመርቁት አባት ፊት ግን ጭጋግ ነው። የሙሽራው ወንድም ፎቶውን አይቶ፣ “እኛ ያገባነው ጉትቻ ነው እንዴ?” አለ። በዚህ ነገር ሺሺንዳ ገበያ ብዙ ተሳቀ።

ሁለት ዓመት አለፈና ባለፈው ኅዳር እትዬ ብርቄ ራሳቸው ቦንጋ መጡ። ከኃይለሚካኤል ጋር የሚነጋገሩት በካፊኖኖ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

“ታናሿን በጥር እንድራለን። ከእሷ ወዲያ የምንድራት የለችንም” አሉት። “አምባውን ታውቀዋለህ፤ ካሜራ ሲያይ እንደ ተከሳሽ ነው የሚደርቀው። ራሱን የሚረሳው ልጁን ሲመርቅ ብቻ ነው። ያንን ፊት እፈልገዋለሁ። ሌላ አንሺ ያዢ ብለውኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ወደ እኔ መጡ?”

“ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ አንተው አስተካክለው ብዬ ነዋ።”

እሳቸው እንደወጡ ሌንሱን ይዞ ወደ እኔ ቤት ገባና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ተዘርግቷል። “ሻጋታ ነው፣ ጋሽ ፍቅሩ። የፍሬን ፎቶ ያበላሸው ይሄ ነው” አለኝ። በቦንጋ ዝናብ ጫማም መጽሐፍም ስለሚሻግት አመንኩት።

ሌላ ሌንስ መግዛት ግድ ሆነበት። ምርጫው ሁለት ነበር። ዋጫ ላይ ፎቶ ማንሳት ትቶ ስልክ የሚጠግን አሞጽ የሚባል ወዳጁ ያንኑ የድሮውን ዓይነት ፊፍቲ እርጥበት እንዳያገኘው ከሩዝ ጋር በዕቃ አሽጎ አኑሮታል፤ አንዲት ነጥብ ሻጋታ የለበትም። በሌላ በኩል እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አብዮት አዲሱን ዓይነት ከአዲስ አበባ አምጥቷል፤ ሊሸጠው ይፈልጋል። ኃይለሚካኤል ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት በውሰት ለመነና ተሰጠው።

አብዮት የራሱን ሲያስረክብ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ፊቱን ራሱ ፈልጎ ይይዛል፤ እርስዎ መጫን ብቻ ነው” አለው።

“መጫን ብቻ ከሆነ አህያም ይጫናል” አለ ኃይለሚካኤል።

አዲሱን በእጁ መዘነው። ፕላስቲክ ነው፤ ርቀት የሚያሳይ ቁጥር የለውም፤ ቀለበቱ ቢያዞሩት ቢያዞሩት መጨረሻ የለውም። “የእርጎ ዕቃ” አለውና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የአሞጽን ግን ከእጁ ለማውረድ እንኳ አልፈለገም። እኔም ምርጫው ያለቀ መሰለኝ።

ሆኖም የሠርጉ ነገር አሳስቦት ስለነበር ሁለቱን ሌንሶች ሊፈትን ፈለገ። አንድ ማለዳ ባለቤቱን አልጋነሽን ይዞ መጣ። እኔ ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ አባት ተቀመጥኩ፤ እሷ እንደ ሙሽራዋ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ትስማለች፣ እሱ ያነሳል። በአሞጽ ሌንስ አሥር ጊዜ፣ በአዲሱ አሥር ጊዜ።

ስምንተኛው ላይ አልጋነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች። “እኔ ሳገባ አንድ ጊዜ ብስም በቃኝ። ዛሬ ለማን ልትድረኝ ነው?”

“ዝቅ በይ፤ እጅሽ ፊታቸውን እንዳይጋርድ” አላት እሱ።

“ጋሽ ፍቅሩ ደግሞ ዝም ብለዋል፤ ይመርቁኝ እንጂ።”

“ምርቃቱ አልቆብኛል፤ ከሰባተኛው ወዲያ ያለውን በዱቤ ያዢው” አልኳት።

ወደ ፎቶ ቤቱ ተሻገርንና ሃያውን በኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ እያጎላ አየ። መነጽሩን አድርጎ፣ ቀረብ ብሎ። በአዲሱ ከተነሱት አሥሩ ውስጥ ፊቴ በዘጠኙ ጥርት ብሏል፤ አንዱ ላይ የአልጋነሽን ሻሽ ይዟል። በአሞጽ ሌንስ ከተነሱት ግን የጠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። በቀሩት አንዴ ጆሮዬ፣ አንዴ ኮቴ፣ አንዴም ከኋላዬ የተሰቀለው ሱሪ ነው የሚታየው።

የአሞጽን ሌንስ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። እያዞረ አየው።

“ንጹሕ ነው” አለ። “ሌንሱ ምንም የለበትም።”

ሻጋታ የሌለበት ሌንስ እንደ ሻጋታሙ ካበላሸ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

አልጋነሽ ልታጽናናው ነው መሰለኝ ከሁለቱ ጥሩ ፎቶዎች አንዱን አመለከተች። “ይቺ ግን ከሁሉም ታምራለች። ለዛ አላት።”

“ታምራለች” አለ። “ከአሥር ሁለት ብታምር ምን ያደርጋል? ጋሽ አምባው አሥር ጊዜ አይመርቁም።”

በማግስቱ የአሞጽን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በዋጫ መኪና መለሰለት፤ አዲሱን ገዛ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሺሺንዳ ወርዶ ለእትዬ ብርቄ ነገራቸው። ይህን ማንም አላስገደደውም።

“የፍሬን ፎቶ ያበላሸው ዓይኔ ነው። አሁን ፊት የሚፈልግልኝ ሌንስ ይዣለሁ። በዚህ ካላመኑ ሌላ ሰው ለመያዝ ጊዜ አለዎት” አላቸው።

እትዬ ብርቄ ቆጮ እየከተፉ ነበር፤ ቢላዋቸውን አላስቀመጡም። “ዓይንህን ለልጄ አላጨሁትም” አሉት። “ፎቶውን አምጣ።”

እስከ ጥር ድረስ ደንበኞቼ ልብስ ሊለኩ በገቡ ቁጥር ኃይለሚካኤል ከበሩ ላይ ሆኖ ለልምምድ ያነሳቸው ነበር። አዲሱ ሌንስ ቸኩሎ የቀረበውን ነገር ስለሚይዝ፣ ከሁለት ሰው የትኛውን ፊት እንደሚፈልግ አንሺው በካሜራው ውስጥ ባለው ምልክት አስቀድሞ ማሳየት አለበት። አብዮት አንድ ጊዜ አሳየው፤ የቀረውን በራሱ ተማረው። መጫን ብቻ እንዳልሆነ ሲያውቅ አዲሱን ሌንስ መስደቡን ተወ።

የሠርጉ ዕለት የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ ዳሱ ውስጥ ነበርኩ። ሙሽራው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፤ እንዲገባው ብለው ጋሽ አምባው በአማርኛ መረቁ። ሙሽራዋ ዝቅ አለች። ኃይለሚካኤል አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ፣ የካሜራውን ምልክት ከእሷ ራስ በላይ አባትየው ፊት ላይ አኑሮ ጠበቀ። ሦስት ጊዜ ብቻ አነሳ።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሲደርስ አብሬው ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። የጋሽ አምባው ዓይን እንባ አቅርሯል፤ የጢማቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አፋቸው በቃል መሃል ሾል ብሎ ቀርቷል። እትዬ ብርቄ ትክ ብለው ካዩት በኋላ ባለቤታቸውን ጠሩ።

“እዚህ ላይ ምን እያልክ ነበር?”

ጋሽ አምባው ጎንበስ ብለው ራሳቸውን መረመሩ። “‹ውለዱ› እያልኩ ነው።”

“የለም፣ ‹ክበዱ› ስትል ነው።”

“ከንፈሬን አታዪም? ‹ክበዱ› ሲባል ከንፈር እንዲህ ይሾላል?”

“የሾለው ልታለቅስ ስትል ነው።”

“አላለቀስኩም።”

“ይኸው እዚህ ምንድን ነው ታዲያ?” አሉ ጣታቸውን በፎቶው ዓይን ላይ አድርገው።

ሁለቱም ወደ ኃይለሚካኤል ዞሩ። እሱ ቃሉን እንዳልሰማ፣ በዚያ ሰዓት ሐሳቡ ሁሉ የጋሽ አምባው ፊት ላይ እንደነበር ነገራቸው። እነሱም ክርክራቸውን ቀጠሉ።