እስከ ፋሲካ የተቀመጠው እንቁላል

ዶሮዎቹ የኔ ነበሩ፤ ግቢው የሳቸው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ ካለ ቤት፣ ከጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ምላሳቸው ግን ሰው የማይምር ሴት ነበሩ። ሦስት ቄቦች እንዳረባ ሲፈቅዱልኝ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ግማሹ እንቁላል የኔ።»

ነጯ፣ ቀይዋና ገብስማዋ ቀኑን ሙሉ እንደ ልባቸው ጓሮውን ሲጭሩ ይውሉና ሲመሻሽ ራሳቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ገብስማዋ ከሬስቶራንት ሥራ ስመለስ እስከ አጥሩ በር ድረስ እየሮጠች፣ በጉሮሮዋ እያጉረመረመች ትቀበለኝ ነበር። እላዬ ላይ የቀረውን የሽንኩርት ሽታ ለይታ ነው መሰለኝ። በዚህ ከተማ እኔን ብላ በር ድረስ የምትመጣ ሌላ ነፍስ አልነበረችኝም።

ቀን ቀን የምንፈራው ጭልፊት ነው። ጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ የምትኖር፣ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ የምትሠራ ጴንጤ ልጅ ነበረች። መዝሙር የምትሰማው በስልኳ ስለሆነ አሮጌ ሲዲዎቿን ሰጠችኝ፤ ከሎሚው ዛፍ ላይ በክር አንጠለጠልናቸው። ፀሐይ ሲነካቸው ያብረቀርቃሉ። ጭልፊቱ ሸሸ።

እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ምንድን ነው ያንጠለጠላችሁት?» አሉ።

«የመዝሙር ሲዲ ነው እትዬ» አለች ልጅቷ።

«የናንተ? እንዲህ ነው! ጭልፊት እንኳ አልቻለውም በሉኛ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና ያስቁን ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ተበላሸ። ሰው ይጾማል፤ ዶሮ ግን መጣሏን አትተውም። እንቁላሉን ሰብስቤ ወደ ወጥ ቤት ሳመራ እትዬ በሩ ላይ ቆሙ።

«ፍሪጄ ውስጥ እንዳታስገቢብኝ! በጾም እንቁላል ቤቴ አይገባም። እዚያው ዶሮዎቹ ቤት በቅርጫት ይቀመጥ፤ ለፋሲካ ወጥ ይሆናል።»

«ሽታው አውሬ ይጠራል እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል።»

ልጅቷ ከኋላዬ፣ «እኔ እኮ አልጾምም። ሶ፣ እኔ ልጨርሰዋ፣ ኦኬ?» አለች።

«አንቺማ ፓስተርሽም ሆድሽ ነው። በኔ ግቢ በሁዳዴ እንቁላል አይጠበስም!»

እኛ አገር የዶሮ ጠላት ሸለመጥማጥ ነው። አፍ አለው እንጂ እጅ የለውም። እኔም የዶሮዎቹን ቤት የሠራሁት ሸለመጥማጥን አስቤ ነበር፤ ዙሪያውን ዓይኑ ሰፋ ያለ ሽቦ፣ በሩ ላይ አንዲት መንጠቆ። የዚህ አገሩ ሌባ ግን ራኩን ነው። ከድመት ገዘፍ ያለ፣ ዓይኑ ዙሪያ የተኳለ፣ እጁ ቁርጥ የሕፃን እጅ። አንድ ጠዋት መንጠቆዋ ተከፍታ፣ የቀይዋ ላባ እስከ አጥሩ ተበትኖ፣ የእንቁላል ቅርፊት መሬቱን ሞልቶት አገኘሁ።

እትዬ ደረታቸውን መቱ። «እንቁላሌን! እንቁላሌን ፈጀው!» ስለ ቀይዋ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ታክሲ የሚነዱ፣ የእጅ ሥራም የሚችሉ አንድ ጎረቤት ነበሩን፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ መንጠቆ ለሱ መጫወቻ ናት» አሉኝ። «ቁልፍ እገጥምልሻለሁ። ሽቦውም ይቀየር፤ ዓይኑ ጠበብ ያለ አለ፣ ነገ ድራይቭ አድርጌ አመጣዋለሁ። አለዚያ እጁን ሰዶ ይጎትታቸዋል። እንቁላሉን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አታሳድሪ፤ የቀመሰውን አይረሳም።»

እትዬ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ቁልፉ ይበቃል!» አሉ። «ግቢዬን እስር ቤት ልታስመስሉት ነው? እንቁላሉም ከቦታው አይነቃነቅም።»

«ይመለሳል እኮ እትዬ።»

«ይመለስ። ቁልፍ የሚከፍት አውሬ ካዩ፣ ታክሲዎን ይስጡትና ይንዳልዎ።»

ጋሼ እየሳቁ ቁልፉን ገጥመው ሄዱ። ዶሮዎቹ ከኔ ክፍል ይደሩ ብዬም እትዬን ለመንኳቸው። «ዶሮ ያደረበትን ክፍል ከአንቺ በኋላ ማን ይከራየኛል?» አሉኝ። ግቢው የሳቸው ነው። ቅርጫቱ እንደገና ሞላ።

የስቅለት ዕለት ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት ዶሮዎቹን ላያቸው ሄድኩ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። ቅርጫቱም ከነእንቁላሉ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል፤ የራኩኑ እጅ እዚያ አልደረሰለትም። ነጯ ሽቦው ሥር ተዘርራለች፤ ራስ የላትም። በሽቦው ቀዳዳ ጎትቶ ነው የወሰደው። ገብስማዋ አለች። አንድ እግሯ ከጭኗ ተገንጥሎ፣ ክንፏ ተዘልዝሎ፣ ቆዳዋ ሽቦው ላይ ተይዞ አለች። ስታየኝ አጉረመረመች። ያንኑ በር ላይ የምትቀበለኝን ድምፅ ነው ያሰማችኝ።

መታረድ ነበረባት። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት አታርድም፤ ወንድ ነው ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በሥላሴ ስም ባርኮ የሚያርደው። ለጋሼ ደወልኩላቸው። ከኋላቸው ዜማ ይሰማል፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሰዋል።

«ዛሬ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «በስቅለት ቢላ አልጨብጥም እህቴ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

«እስከ ነገ ትሰቃያለች እኮ ጋሼ።»

«ጌታም ዛሬ ተሰቃይቷል» አሉና ዘጉት።

እትዬ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። አዩዋት። «አውሬ የነከሰው አይበላ፤ ምን ያስለቅስሻል? ትራሽ ውስጥ ጣያት።»

«በሕይወት አለች።»

«ትሞታለቻ!»

ልጅቷ በፒጃማዋ ወጥታ፣ «ስጪኝ፣ እኔ ላድርገው» አለችኝ።

«ይኸውላችሁ» አሉ እትዬ፣ «በጌታ ስቅለት ጴንጤዋ ልታርድልን ነው!»

ገብስማዋን ከሽቦው አላቅቄ ሣሩ ላይ አስተኛኋትና የምጠቀልልበት ጨርቅ ላመጣ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ስመለስ የለችም። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። የቆሻሻው በርሜል ክዳኑ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ፕላስቲኩን የሚጭር ድምፅ ይሰማል። እትዬ እጃቸውን በቧንቧው እየታጠቡ፣ «ነይ እንሂድ፣ ስግደቱ ያልፈናል» አሉኝ።

ከበርሜሉ አወጣኋት። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አመጣሁ። ልጅቷ ክንፏን ያዘችልኝ። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አረድኳት። ከነጯ ጋር ሎሚው ሥር ቀበርናት። እትዬ ጥለውኝ ሄደው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ሰገድኩ። በመጨረሻ ቄሱ በወይራ ቅጠል የሰዉን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ ለየሰዉ የንስሓ ስግደት ያዝዛሉ። እትዬ ከፊቴ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ዞር ብለው፣ «ለሷ ጠንከር ያድርጉላት አባ» አሉ፣ «ዛሬ ደም አፍስሳ ነው የመጣችው።» ሰዉ ሁሉ ነጠላዬን አየ። ጥለቱ ላይ አንዲት ጠብታ ነበረች። አባ ጠንከር አደረጉት። ያዘዙኝን ስግደት ሁሉ፣ አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ።

ቤት ስደርስ ገና አልጨለመም ነበር። ቁልፉን ፈታሁ። የዶሮዎቹን ቤት በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፍኩበት። ቅርጫቱን አልነካሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ለፋሲካው ወጥ እንቁላላቸውን ሊወስዱ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። ቅርፊቱ እስከ ደጃፋቸው ተዘርቷል። ቅርጫቱ ተገልብጧል። ሳህኑን አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ እስከ ክርናቸው አስገብተው ገለባውን ይዳብሱ ጀመር።

«በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አብደሻል? ለምን?»

«ዶሮ የለም። ምን ልቆልፍበት?»

«እንቁላሌስ?»

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የአጥሩን በር ስዘጋ እጃቸው ገና ገለባው ውስጥ ነበር።